ጫማ ይደረጋል፣ ሰዓት ይታሰራል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ባለፈው ማክሰኞ ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ የውጭ አገር ሰው፣ ለገሃር አካባቢ ስንደርስ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ይቅርታ፣ እኔ እዚህ ቦታ ላይ ከመኪናው መውረድ እፈልጋለሁ» አለ። ከተናገረው ውስጥ አንድም የተሳሳተ ቃል አልነበረም፤ ግሡም በቦታው ነው፣ አነጋገሩም ትሕትና አለው። ረዳቱ ግን ሂሳብ እየሰበሰበ ስለነበር የተነገረው ለእርሱ መሆኑን እንኳ ልብ አላለም፤ ሾፌሩም መንገዱን ቀጠለ። ይህን ጊዜ አጠገቡ የነበሩ ነጠላ የለበሱ እናት ቀና ብለው «ወራጅ አለ!» ሲሉ መኪናው ወዲያውኑ ጥጉን ያዘ።

«ወራጅ» እና «አለ»። ሁለቱም ቃላት በማንኛውም መዝገበ ቃላት ይገኛሉ፤ ሰውዬውም ሁለቱንም ሳያውቃቸው አይቀርም። ያላወቀው በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ እነዚህ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ሲሆኑ ብቻ ፍሬን እንደሚያስይዙ ነው። እርሱ ሲወርድ እያየሁ በልቤ «አይዞህ ወንድሜ» አልኩ፤ ምክንያቱም ይህ ሰው በአማርኛ የገጠመው ነገር ለእኔ በእንግሊዝኛ የዘወትር ኑሮዬ ሆኖ ኖሯል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለአንድ የውጭ ደንበኛ የይቅርታ ደብዳቤ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ደብዳቤውን «ዊ ዲድ ኤ ቢግ ሚስቴክ» ብዬ ጀመርኩት። የኃላፊ ጊዜው፣ ባለቤቱ፣ ፊደሉ ሁሉ ደጋግሜ ያረጋገጥኩት ነበር። አለቃዬ «ዲድ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ከበቡና ከበላዩ «ሜድ» ብለው ጻፉበት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ «እንዲህ ነው የሚባለው» አሉኝ። የይቅርታ ደብዳቤ ላይ ስህተት የሚለውን ቃል ራሱን መሳሳት የሚያሳፍር ነገር ነው፤ መልሳቸውም ለረጅም ጊዜ ከነከነኝ፣ ለማስረዳት የታከቱ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ስለ እንግሊዝኛ ከተነገሩኝ መልሶች ሁሉ የበለጠ ሐቀኛው እርሱ እንደነበር አምናለሁ።

በትምህርት ቤት የነበረን ደብተር መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች በማስመሪያ የተሰመረ ነበር፤ በስተግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በስተቀኝ የአማርኛው ፍቺ ይጻፍበታል። «ሜክ» ሠራ፤ «ዱ» ሠራ፣ አደረገ። በዚህ ዓይነት ደብተር የተማረ ሰው «ስህተት ሠራሁ» እና «የቤት ሥራ ሠራሁ» የሚሉትን ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግር አንዱን ግሥ ለሁለቱም ቢያውል ምን ይፈረድበታል? የእኛ «ሠራ» ቤትንም፣ ወጥንም፣ ስህተትንም፣ የቤት ሥራንም አንድ ላይ ይሸከማል። እንግሊዝኛው ግን ስህተትን ለ«ሜክ»፣ የቤት ሥራን ለ«ዱ» አከፋፍሏል። አንዳንድ አስተማሪዎች «ሜክ» አዲስ ነገር መፍጠርን፣ «ዱ» ሥራ ማከናወንን ያመለክታል ይላሉ። ደንቡ የተወሰነ ርቀት ያስኬዳል፤ ከዚያ «ሜክ ዘ ቤድ» ሲመጣ ግራ ያጋባል፤ ይህ አናጢ አልጋ ሠራ ማለት ሳይሆን በእኛ አልጋ ማንጠፍ የምንለው ነውና። ዕቃ ማጠብ ደግሞ «ዱ ዘ ዲሽስ» ነው። እዚህ ላይ «እንዲህ ነው የሚባለው» ከሚለው የአለቃዬ መልስ የተሻለ ማብራሪያ ማግኘት ከባድ ነው።

የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ነገር «ኮሎኬሽን» ይሉታል፤ እኔ የቃላት ጉርብትና ብለው ደስ ይለኛል። ሃሮልድ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ፣ ቶኪዮ ውስጥ ለጃፓን ተማሪዎች የእንግሊዝኛን ትምህርት ለማሻሻል ሲሠራ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1933 እነዚህን የተጣመሩ አባባሎች ሰብስቦ አንድ ዘገባ አወጣ። ጥናቱ ለንደን ላይ ሳይሆን እንግሊዝኛ ባዕድ በሆነበት አገር መሠራቱ አይገርመኝም፤ ጎረቤቱን የሚቆጥር ሁልጊዜ ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ነው። ማይክል ሃሊዴይ ደግሞ በ1966 አንድ የማይረሳ ምሳሌ ሰጠ። ሻይ «ስትሮንግ» ይባላል፣ መኪና «ፓወርፉል» ይባላል፣ የሁለቱ ቅጽሎች ትርጉም ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ቢለዋወጡ ግን የእንግሊዞችን ጆሮ ይቆረቁራል፤ ክርክር ሲሆን ግን ሁለቱንም ይቀበላል። በ1987 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክሌር የመራው ቡድን በኮምፒውተር ከተከማቸ ብዙ ጽሑፍ ውስጥ ቃላቱ በእርግጥ ከማን ጋር እንደሚውሉ እያየ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በሊቅ ግምት መመለሱ ቀርቶ በቆጠራ የሚታይ ሆኗል።

የሻዩ ምሳሌ ለእኛ ሲደርስ ቡና ይሆናል። ፒያሳ ከምትገኝ አንዲት የማዘወትራት ቡና ቤት ማኪያቶዬን «ጠቆር ያለ» ብዬ አዛለሁ፤ ቡና ከሆነ «ወፍራም» ወይም «ቀጭን» እላለሁ። አንድ ጊዜ ለውጭ አገር ባልደረባዬ «ዲስ ኮፊ ኢዝ ቬሪ ቲክ» ብዬ ነገርኩት፤ ስኒውን ዘንበል አድርጎ አተላ ይፈልግ ጀመር። ለእርሱ «ቲክ» የሆነ መጠጥ እንደ አጥሚት የረጋ ነው። «ስትሮንግ» ማለት ነበረብኝ። ይኸው «ወፍራም» ለድምፅም እናውለዋለን፤ እንግሊዝኛው ግን የድምፅን ውፍረት በጥልቀት ስለሚለካው «ዲፕ ቮይስ» ይላል። ዝናብ ላይ እንስማማለን፦ የእኛም ከባድ ዝናብ ነው፣ የእነርሱም «ሄቪ ሬይን»። ይህ ስምምነት አጓጉቶን «ሄቪ ዊንድ» ስንል ግን ብቻችንን ቀረን፤ ነፋሱ «ስትሮንግ» ሆነ። ሲጋራ አብዝቶ የሚያጨስ ሰው ደግሞ «ሄቪ ስሞከር» ይባላል፤ ከባድ አጫሽ ብንል ግን ሰሚው ክብደቱን ያስባል።

እንግሊዝኛ ብቻውን አስቸጋሪ የሆነ እንዳይመስላችሁ፣ ጠዋት ከቤቱ የሚወጣ አንድ የአዲስ አበባ ሰው የሚያደርገውን ተመልከቱ። ሱሪውን ይለብሳል፤ ቀበቶውን ይታጠቃል፤ ጫማውን ያደርጋል፤ ሰዓቱን ያስራል፤ ሽቶውን ይቀባል፤ የሐምሌ ብርድ ከሆነ ጋቢውን ይደርባል። እንግሊዙ ይህን ሁሉ «ዌር» በሚል አንድ ቃል ይወጣዋል፤ መነጽሩን፣ ሽቶውን፣ ጺሙን፣ ፈገግታውን ሳይቀር «ዌር» ያደርጋል። አማርኛ የሚማር እንግዳ «ሰዓቴን ለበስኩ» ቢለን እንስቃለን፤ ነገር ግን የእርሱ ስህተት የእኔው «ዲድ» መንታ ወንድም ነው። ወደ ጓዳ ብንገባ ደግሞ ይብሳል፦ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ዳቦም ድፎ ሲሆን ይደፋል። እናቴ እነዚህን አንድ በአንድ አስተምራኝ አታውቅም፤ እኔም ተማርኳቸው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ማን ማንን እንደሚይዝ ነው። በአማርኛ ጉንፋን ይይዘኛል፤ በእንግሊዝኛ ግን «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ስለሚባል ጉንፋኑን የምይዘው እኔ ነኝ። በአማርኛ እንቅልፍ መጥቶ ይወስደኛል፤ በእንግሊዝኛ እኔው ራሴ ወደ እንቅልፉ እወድቃለሁ። ቀጠሮ እኛ እንይዘዋለን፣ እነርሱ «ሜክ» ያደርጉታል። ትኩረትን እኛ እንሰጣለን፣ እነርሱ እንደ ዕዳ ይከፍሉታል፤ «ፔይ አቴንሽን» ይላሉና። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ሕዝብ ጠባይ መፈላሰፍ የሚወዱ ሰዎች አሉ፦ እንግሊዞች ጉንፋናቸውን ሳይቀር የሚቆጣጠሩ፣ እኛ በበሽታችን የምንያዝ ወዘተ። እኔ አልቀበለውም። ታክሲን እኛም እንይዛለን፤ ስለዚህ ግን ታክሲ በእጃችን ነው የሚል የስድስት ኪሎ ነዋሪ በምሽቱ ሰልፍ ላይ አላጋጠመኝም።

ጉርብትናው ወደ እኛም አጥሩን ዘሎ እየገባ ነው። የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ትወስዳለች፤ ልብ በሉ፣ «ትወስዳለች» አልኩ። አያቷ ቢሆኑ «ትፈተናለች» ይላሉ፤ ፈተናን እንደ መድኃኒት የሚወስደው የእንግሊዝኛው «ቴክ» ነው። ሻወርም «ይወሰዳል»፤ ያልገባን ነገርም፣ ከእንግሊዝኛው «ሜክ ሴንስ» ተገልብጦ፣ «ስሜት አይሰጥም»። ይህ የመጨረሻው ጆሮዬን ይኮረኩረኛል፤ ምክንያቱም «ትርጉም አይሰጥም» የሚል ያማረ ነገር እቤታችን እያለ ነው የተዋስነው። «ሻወር መውሰድን» ግን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ቃሉ ራሱ እንግዳ ስለሆነ ጎረቤቱን ይዞ ቢመጣ አይከፋኝም።

አሁን ደብተሬ መሐሉ ላይ አይሰመርም። አንድ ቃል ብቻውን አልጽፍም፤ ከእነ ጎረቤቱ፣ ከተቻለም ከሰማሁበት ዓረፍተ ነገር ጋር እጽፈዋለሁ። «ዲሲዥን» ብዬ ውሳኔ አልልም፤ «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ብዬ ሙሉውን አሰፍራለሁ፤ ቴሌቪዥንና መብራት አጠገብ ደግሞ «ተርን ኦን» የሚለውን በትልቁ ጽፌያለሁ፤ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ስል የኖርኩበት ዘመን ረጅም ነበርና። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ በሳምንት አሥር ካገኘሁ ደግ ነው።

እሑድ ማታ የወንድሜ ልጅ ከእኔ ጋር እያጠናች ደብተሩን አገላበጠችና «ፋስት አስሊፕ» የሚለው ላይ ቆመች። «አክስቴ፣ የተኛ ሰው የት ነው የሚፈጥነው?» አለችኝ። «ፋስት» ጥንት የጸና፣ የተጣበቀ ማለት እንደነበረ፣ የመኪና ቀበቶ ስናስር የምንሰማው «ፋስን» የሚለው ቃልም ዘመዱ እንደሆነ፣ ይህ አሮጌ ትርጉም ዛሬ ከእንቅልፍ ጎን ተጠግቶ እንደሚኖር ነገርኳት። «ሳውንድ አስሊፕ» የሚለውም ከድምፅ ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ጤናማ፣ ያልተነካ ከሚል ከሌላ ሥር የመጣ ነው አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው የእኛ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ምኑ ነው የሚጨለጠው?» አለች።

ጠላ ጭልጥ ተደርጎ ይጠጣል። በረሃም ጭልጥ ያለ ነው። ሰውም ጭልጥ ብሎ ይሄዳል። ሦስቱንም ከእንቅልፉ ሥር በአንድ መስመር ጻፍናቸውና እርሷ ወደ ፊዚክሷ ተመለሰች።