ባዶ የሚተው አድራሻ

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ለመማሪያ ብዬ ስጽፈው ስለከረምኩት ትንሽ ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተም ዋና ክፍል፣ ነው። በተለይ ከሁሉ በላይ ስላለፋኝ ነገር፦ የቨርቹዋል ሜሞሪ አቀማመጥ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚያዩት አድራሻ ለማን እንደሚሰጥና ከእውነተኛው ራም ጋር እንዴት እንደሚገናኝ።

ስጀምር ሥራው ማከፋፈል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይሄ የከርነሉ፣ ይሄ የፕሮግራሙ፣ አለቀ።

ከዚያ ፔጂንግን፣ ይህን አድራሻ ወደ ራም አድራሻ የሚተረጉመውን የሲፒዩውን ሥራ፣ የማበራበት ቀን ደረሰ። ማብራት ማለት እኮ አንዲት ቢት 1 ማድረግ ነው። አደረግኩ። ማሽኑ ሪስታርት አለ። የስህተት መልእክት የለ፣ ምን የለ። ደገምኩ፣ አሁንም ሪስታርት። ያን ሌሊት ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢቷ እስክትበራ ድረስ ሲፒዩው የሚሠራው በእውነተኛው የራም አድራሻ ነው። ከበራች በኋላ ግን እያንዳንዱን አድራሻ ፔጅ ቴብል በሚባል ሰንጠረዥ ላይ ይፈልጋል፣ ቀጥሎ የሚሠራትን ትእዛዝ ሳይቀር። የኔ ከርነል ራም ላይ ያለው 1 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ቴብሉ ላይ ያስመዘገብኩት ደግሞ ከ3 ጊጋባይት በላይ ብቻ። ሲፒዩው ቀጣዩን ትእዛዝ ቢፈልግ አጣው። ፔጅ ፎልት፣ ማለትም አድራሻው አልተመዘገበም የሚል ስህተት። ፎልት የሚቀበል ኮድ ገና አላዘጋጀሁም፣ ስለዚህ ደብል ፎልት። እሱንም የሚቀበል የለም። ትሪፕል ፎልት፣ ሪስታርት።

መፍትሄው ያስቃል፤ ያንኑ ራም ሁለት ቦታ ማስመዝገብ ነው። አንድ ፔጅ ቴብል 1,024 መደብ አለው፣ እያንዳንዱ አንድ ፔጅ፣ ማለትም 4 ኪሎባይት ራም፣ ያስመዘግባል፣ በድምሩ 4 ሜጋባይት። ያንኑ ቴብል ከ0 ጀምሮም ከ3 ጊጋባይት ጀምሮም አስገባሁት። ሲፒዩው ታች ሆኖ ይቀጥላል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይዘላል። ሠራ! ከወንበሬ ተነስቼ ቤቱን ዞርኩት።

ለምን 3 ጊጋ? 32 ቢት ላይ ያለው አድራሻ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሊኑክስም በ32 ቢት የኢንቴል ማሽን ላይ በተለምዶ 3ቱን ለፕሮግራሙ፣ 1ዱን ለራሱ ያደርግ ነበር። ጥበቱ ራስ ምታት ነው፤ ከርነሉ በቀጥታ የሚያየው ራም 896 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነበር። በ64 ቢት ግን ቦታው ይትረፈረፋል። 48 ቢት አድራሻ ሲሠራበት ታችኛው 128 ቴራባይት የፕሮግራሙ፣ ላይኛው 128 የከርነሉ። መሃል ያለውን ሰፊ ሜዳ ማንም አይነካውም።

ባዶ ቦታ ሥራ እንዳለው ያየሁት ግን ትንሿ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ከስታክ (ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ዳታውን ከሚቆልልበት ቦታ) ሥር አንድ ፔጅ ሳታስመዘግቡ ብትተዉ፣ ስታኩ ከልክ ሲያልፍ የጎረቤቱን ዳታ ከማበላሸቱ በፊት እዚያው ይያዛል። 0 አድራሻም እንደዚያው ነው። ኑል ፖይንተር፣ ማለትም የትም የማያመለክት ባዶ አድራሻ፣ የሚነካው እሱን ነው፤ ካልተመዘገበ እጅ ከፍንጅ ይያዛል።

እኔ ደግሞ ያቺን ከ0 የምትጀምረውን የታችኛዋን ምዝገባ ረስቻት ኖሯል። 0 ላይ የፈለገ ይጽፋል፣ ማንም ዝም። በኋላ ትዝ ብሎኝ ሰረዝኳት። ምንም አልተለወጠም! ለካ የሲፒዩው የአድራሻ ማስታወሻ፣ ቲኤልቢ የሚሉት፣ አሮጌውን መልስ ይዞ ተቀምጧል።

ማስታወሻውን አስጠርጌ አስነሳሁት። ሁለት ወር ሙሉ «ይሠራል» ስለው የነበረው የፋይል ኮዴ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ የወጣው አድራሻ 0 ነው። ሜሞሪ ጠይቄ፣ «የለም» የሚለውን መልስ፣ 0ን፣ ሳላይ አልፌው ነበር።