ኩባንያው እያደገ ዘሩ ሲበላ

[ስክሪን ላይ፦ ባለባትሪዋ ኖኪያ 1100 በእጅ ተይዛ]

ሰላም ናችሁ፣ ከባህር ዳር ነው የማወራችሁ። ይቺን ስልክ ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ያውቃታል፣ እናቴ ማታ በረት የምትገባው ባትሪዋን አብርታ ነበር። እ.ኤ.አ በ2003 ወጥታ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠች እኮ! ግን አስር ዓመት ቆይቶ በ2013 ኖኪያ የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት ለመሸጥ ተስማማ።

ብዙ ሰው "ምርምር ላይ ብር ስላላወጡ ነው" ይላል፣ እሱ ልክ አይደለም። አይፎን በወጣበት በ2007 ኖኪያ ለምርምር ከአፕል በጣም የበለጠ ያወጣ ነበር። ዋናው የጎዳው ሲምቢያን ነው፣ የስልኮቹ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ነው፣ ሚሞሪ ውድ በነበረበት ጊዜ ለቁልፍ ስልክ የተሠራ ስለነበር ተች ስክሪን እንቀጥልበት ሲሉ ሥራው እየከበደ እየዘገየ ሄደ። በኋላ የድርጅቱን ሰዎች ያነጋገሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ደግሞ ለኔ ከዚህም ይብሳል፣ መካከለኛ ኃላፊዎች መጥፎ ወሬ ወደ ላይ ለማድረስ ይፈሩ ነበር።

[ስክሪን ላይ፦ አንድ ፎልደር፣ ቀጥሎ 14 ፎልደር]

ይሄን በትንሹ እኔም ኖሬበታለሁ። ድሮ የሠራሁበት ቤት ለህንፃ መሣሪያ ሱቆች የስቶክ ሲስተም እንሠራ ነበር። ሁለተኛው ደንበኛ "ደረሰኙን እንዲህ አርጉልኝ" ሲል ኮዱን ኮፒ አርገን ለሱ ብቻ ቀየርነው፣ ሦስተኛውም እንደዛ፣ አራተኛውም፣ በቃ 14 ኮፒ ሆነ፣ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ አዲስ"፣ "እውነተኛው የመጨረሻ" ምናምን የሚል ስም እየሰጠን። አንድ ቀን የቫት ስሌት ላይ ስህተት ተገኘ። 14 ቦታ ገብቶ ማስተካከል ነው፣ ሁለቱን ረሳን፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከፍኖተ ሰላም ተደወለ፣ "ወንድሜ ደረሰኙና ሲስተሙ አይገጥምም፣ ምን ልበላቸው?" ሰውየው አልተቆጣም፣ ግን ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አለቃችን በዛው ሳምንት ሁለት አዲስ ደንበኛ ፈረመና እያደግን ነው አለ። ሁሉንም ኮፒ የሚያውቀው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ነው ነገሩ የቆመው።

ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል ፕሮግራመር በ1992 ይሄን ዕዳ ብሎታል። ዛሬ ቶሎ ለማስረከብ የዘለልከው ሥራ ነገ ወለድ አስከትሎ ይመጣል፣ እንደ አራጣ ማለት ነው፣ ቆይቶ ወለዱ ብቻ የቡድኑን ጊዜ ሁሉ ይበላል።

[ስክሪን ላይ፦ የዘር ጤፍ ያለበት ማዳበሪያ፣ አፉ የታሰረ]

አጎቴ ቢቸና በኩል ጤፍ ያመርታል። ሰኔ ላይ ጎታው ቢራቆት እንኳ የዘሩን ማዳበሪያ ማንም አይፈታም፣ ድንች ተቀቅሎ ይታደራል። ለቴክ ኩባንያ ዘሩ ጊዜ ነው፣ ኮድ የሚጸዳበት፣ አዲስ ልጅ የሚማርበት፣ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው የሚጻፍበት ጊዜ። ይሄን ጠብቆ የሚያቆይ ደግሞ መሪው ብቻ ነው፣ ምክንያቱም "ሁለት ወር አዲስ ደንበኛ አንቀበልም፣ 14ቱን አንድ እናርጋቸው" ለማለት ሥልጣን ያለው እሱ ነው። ይሄ ደሞ ብር እየገባ እያለ ነው መደረግ ያለበት፣ ከነጠፈ በኋላማ በምን አቅም?

አንዳንዴ ከማጽዳትም በላይ ነው። የአሜሪካው ቺፕ አምራች ኢንቴል የሚታወቀው በሚሞሪ ቺፕ ነበር፣ የጃፓን ኩባንያዎች ሲበልጡት በ1985 የድርጅቱ ፕሬዚዳንት አንዲ ግሮቭ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ጎርደን ሙርን "እኛ ተባረን አዲስ መሪ ቢመጣ ምን ያደርግ ነበር?" ብሎ ጠየቀው። ከሚሞሪ ያወጣን ነበር አለ ሙር። ታዲያ ራሳችን ለምን አናደርገውም ብለው ወደ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተር አእምሮ ወደሚባለው ቺፕ ዞሩ። ቀላል አልነበረም፣ ሺዎች ሥራ አጥተዋል።

ቡድን የምትመሩ ካላችሁ ሰኞ ጠዋት ቡና ይዛችሁ ከሁሉም አዲስ የሆነውን ልጅ ለብቻው አስቀምጡና "የትኛውን የኮድ ክፍል መንካት ትፈራለህ?" በሉት። ከዛ ዝም ብላችሁ አዳምጡት፣ መልስ አትስጡ፣ ጻፉት ብቻ።