ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10፦ በሩን ለሕዝብ ክፍት ስላደረገ ሴሚናር

መስከረም፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ውይይታችን የኢንፎርሜሽን ሳይንስ (የመረጃ አያያዝና ፍለጋ ጥናት) ትምህርት ቤቶች ለሕዝብ ክፍት አድርገው በሚያዘጋጇቸው ንግግሮችና ሴሚናሮች ላይ ያተኩራል። ጉዳዩን በጥቅሉ ከማንሳት አንድ ቦታ ላይ ቆም ብሎ ማየቱ ይሻላል ብለን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ የሚገኘውን ትምህርት ቤት መርጠናል። ዳዊት፣ ከሕንፃው እንጀምር?

ዳዊት፦ ከሕንፃው መጀመሩ ተገቢ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚገኝበት ሳውዝ ሆል እ.ኤ.አ. በ1873 የተከፈተ፣ በግቢው ውስጥ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ ነው። በፊት ለፊቱ ሰገነት ላይ፣ ቀና ብሎ ያላየ ሰው የማያስተውላት፣ በግቢው ካሉት የድብ ቅርጾች ሁሉ ትንሿ ተቀምጣለች። ትምህርት ቤቱ ራሱ በ1926 የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ አደረጃጀቱ ከሥር ተለውጦ በ2006 አሁን የሚጠራበትን «ስኩል ኦቭ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ስም ይዟል። ይህን ማንሣቴ ለታሪኩ ብቻ አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ሰው፣ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የሕግ ምሁርና የኅብረተሰብ ጥናት አዋቂ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰባሰቡ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጉባኤና መጽሔት ተወስኖ እንዳይቀር የሚያገናኝ መድረክ የግድ ያስፈልጋል፤ ክፍት ንግግሮቹም የሚሠሩት ይህን ሥራ ነው።

መስከረም፦ ከዝግጅቶቹ ሁሉ እኔን የሚስበኝ የዓርቡ ነው። «ኢንፎርሜሽን አክሰስ ሴሚናር»፣ ማለትም የመረጃ ተደራሽነት ሴሚናር ይባላል። ለረጅም ዓመታት አብረው የመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ከ1976 እስከ 1984 የትምህርት ቤቱ ዲን የነበሩት ማይክል በክላንድ፣ እና ከ1997 ጀምሮ ዋሽንግተን የሚገኘውን «ኮኣሊሽን ፎር ኔትወርክድ ኢንፎርሜሽን» የተባለ ድርጅት በዳይሬክተርነት የመሩት፣ በ2025 ያረፉት ክሊፎርድ ሊንች። ሴሚናሩ በአካባቢው ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ሲነገር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ተጀምሮ እስከ 11 ሰዓት ይዘልቃል።

ዳዊት፦ አሥሯን ደቂቃ ሳታብራሪ አትለፊ።

መስከረም፦ በግቢው «የበርክሌይ ሰዓት» የሚባል ልማድ አለ። ለ9 ሰዓት የተያዘ ትምህርት የሚጀመረው አሥር ደቂቃ ቆይቶ ነው። በሐበሻ ቀጠሮ ለሚያሙን ሰዎች ጥሩ መልስ ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን የእነሱ መዘግየት ልክ ያለው መሆኑ ነው። ወደ ቁም ነገሩ ልመለስና፣ የዓርቡ ሴሚናር የሚለየው ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ ተማሪ፣ መምህር፣ ጡረታ የወጣ ባለሙያና ከውጭ የመጣ እንግዳ አብረው ተቀምጠው፣ ገና ተሠርቶ ያላለቀን ሐሳብ ጭምር የሚመረምሩበት በመሆኑ ነው።

ዳዊት፦ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚመጥነው በምሳሌ ላሳይ። በክላንድ በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ «ሰነድ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋል። በዚያም ፈረንሳዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሱዛን ብሪዬ በ1951 ያቀረበችውን ክርክር አንሥተዋል። እንደ ብሪዬ አባባል፣ ዱር ውስጥ የሚሮጥ አጋዘን ሰነድ አይደለም፤ ተይዞ መካነ እንስሳት ከገባና የጥናት ማስረጃ ከሆነ ግን ሰነድ ነው። መጀመሪያ የሰማ ሰው ፈገግ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ የቤተ መጻሕፍት ሰው «ታዲያ በምን ይመዘገባል?» ብሎ ይነሣል፤ የኮምፒውተሩ ሰው ደግሞ አንገቱ ላይ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ ታስሮለት ዱር ውስጥ እንደሮጠ ስላለው አጋዘን ይጠይቃል። እንስሳው አልተያዘም፤ ማስረጃው ግን በየደቂቃው ይመጣል። እንዲህ ያለው ክርክር አንድ ሙያ ብቻውን በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አይነሣም።

መስከረም፦ ትምህርት ቤቱ ታዋቂ ሰዎችን የሚጋብዝበት የዲኑ የንግግር መርሐ ግብርም አለው። እውነቱን ለመናገር ግን በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ትልልቆቹ ንግግሮች አይማርኩኝም። ተናጋሪው ሌላ ቦታ ደጋግሞ ያቀረበውን አሳምሮ ያቀርባል፤ ለጥያቄ የሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው፤ እነዚያንም ማይክሮፎኑን ቀድሞ የያዘው ሰው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ ይወስዳቸዋል።

ዳዊት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ትልቁ ንግግር ሰውን ከመንገድ ይጠራል። ስለ ሴሚናሩ ምንም ሰምቶ የማያውቅ ሰው በዚያ በር ገብቶ ነው በኋላ ዓርብ ዓርብ መምጣት የሚጀምረው። ደግሞም ትልልቆቹ ንግግሮች ብዙውን ጊዜ ተቀርፀው ስለሚቀመጡ ከሩቅ ላለው ሰው ይደርሳሉ። ሴሚናሩ በበይነ መረብ በቀጥታ ቢተላለፍ እንኳ አዲስ አበባ ላለ ሰው ምን ሰዓት ላይ እንደሚሆን አስቢው፦ በበጋ ሰዓታቸው ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ10፣ በክረምት ሰዓታቸው ደግሞ 8 ሰዓት ከ10 ነው። ካልተቀረፀ «ለሁሉም ክፍት ነው» ማለት ለሰፈሩ ሰው ብቻ ክፍት ነው ማለት ይሆናል።

መስከረም፦ የሰዓቱን ችግር እቀበላለሁ፤ መቅረፁን ግን በሙሉ ልቤ አልቀበልም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ገና ያልጸና ሐሳቡን ካሜራ ፊት አውጥቶ ለመፈተን ይሰጋል፤ ስህተቱ ሥራ ሊቀጥረው በሚያስብ ሰው ፊት ለዓመታት ይቀመጥበታልና። ካሜራው ሲበራ ሁሉም ጠንቃቃ ይሆናል። ስለዚህ ንግግሩ ይቀረፅ፤ ውይይቱ ግን በክፍሉ ይቅር፤ ከፈለጉም ተናጋሪው ራሱ በአንድ ገጽ ጽፎ ያስቀምጠው።

ዳዊት፦ አንድ ገጽ ጽሑፍ የድምፅን ያህል አይናገርም፤ ለጊዜው ግን ይለፈን። የማስተርስ ተማሪዎች በግንቦት የመመረቂያ ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበትን ቀንም ላንሣ። የሁለት ዓመት ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ቡድን ቡድን ሆነው የሠሩትን ሶፍትዌር ወይም ጥናት መድረክ ላይ ያቀርባሉ፤ ቤተሰብም ቀጣሪም ይመጣል። ከሴሚናሩ ይልቅ የደስታ ቀን ስለሆነ ጠንካራ ጥያቄ የሚነሣበት አይመስለኝም።

መስከረም፦ ወደ እኛ አገር ስንመጣ የሚመሳሰል ነገር አለን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከልና በዩኔስኮ ድጋፍ «ሲሳ» በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተቋቁሟል። የዛሬው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ቤት የእርሱ ወራሽ ነው። ተማሪዎቹ የታተመ የአማርኛ ጽሑፍን ኮምፒውተር እንዲያነብ ማድረግን፣ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ መለወጥን፣ የአማርኛ ሰነድ ፍለጋን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ከእኛ ልማድ ከዓርቡ ሴሚናር ጋር የሚቀራረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ነው።

ዳዊት፦ ዲፌንስ ግን ፈተና ነው እንጂ ውይይት አይደለም። ፈታኞቹ ይጠይቃሉ፤ ተማሪው ላብ እያጠመቀው ይመልሳል፤ ጓደኞቹ አበባ ይዘው ከኋላ ይጠብቃሉ።

መስከረም፦ እስማማለሁ፤ ቢሆንም መሠረቱ አለ። የሰነድ ፍለጋን ጉዳይ ውሰድ። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፈዋል። ሆሄያቱን አንድ አድርጎ የማያይ የፍለጋ ሥርዓት የአንደኛውን ሰው ጽሑፍ ከሌላኛው ይሰውረዋል። ሁሉንም ሀ እና ሁሉንም ሰ ወደ አንድ የሚያጠቃልል ዘዴ ደግሞ «ሰረቀ»ን ከ«ሠረቀ» ጋር ያደባልቃል፤ አንዱ የሌባ ሥራ፣ ሌላው የፀሐይ መውጣት። የጋዜጣ አራሚ፣ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ወይም የቅኔ መምህር ከክፍሉ ቢገኙ ከፈታኞቹ የተሻለ ጥያቄ ባቀረቡ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን እነርሱ ዘንድ አይደርስም።

ዳዊት፦ ቢደርሳቸውስ? የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ክርክሩም በእንግሊዝኛ እየተካሄደ የቅኔ መምህሩን «ይግቡ፣ በሩ ክፍት ነው» ማለት ክብራቸውን መንካት ይሆናል።

መስከረም፦ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ለአጭር የአማርኛ ገለጻ ጊዜ ቢሰጥ የምለው። ተማሪው ምን እንደፈለገና ምን እንዳገኘ እናቱም ጭምር በሚገባት ቋንቋ ይናገር፤ ከዚያ ወደ ፈተናው ይግቡ።

ዳዊት፦ ፈታኞቹ ጊዜ የለንም ይሉሻል።

መስከረም፦ እንግዲያው ከሻይና ከብስኩቱ ሰዓት ላይ ይቀነስ።