«ይናገራሉ?»
ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ሌላ ርእስ ነበር፤ ነገር ግን እማዬ ለእኅቴ ያቀረበችላት ጥያቄ አሁንም ከአእምሮዬ ስላልወጣ፣ እሱን ሳልናገር ወደ ሌላ ጉዳይ ማለፍ አልቻልኩም።

ለንደን ያለችው እኅቴ ባለቤቷ ካረፈ በኋላ እንዴት ከሰው እንደራቀች ታውቃላችሁ። ሐኪሟ ወደ አንዲት አገናኝ ሠራተኛ መራት፤ እሷም በጥሞና ካዳመጠቻት በኋላ የሰፈሩ ሰዎች በጋራ ወደሚገቡበት ሳውና፣ ማለትም ተቀምጠው ወደሚሞቁበት በጣም የጋለ ክፍል፣ ላከቻት። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የረጅም ጊዜ ዕቅድ ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ አገናኝ ሠራተኞችን ለማሰማራት ወስኖ ነበር። ሥራቸው ሐዘን ወይም ብቸኝነት የጎዳውን ሰው አብረው ከሚዘምሩ፣ አትክልት ከሚተክሉ ወይም በእግር ከሚጓዙ ሰዎች ጋር ማገናኘት ነው።

እኅቴ ይህን በቪዲዮ ስትነግረን እማዬ ምስር ትለቅም ነበር። ሙቀቱ 80 ዲግሪ እንደሚደርስ ስትሰማ ምንም አላለችም። ከዚያ እጇን ከሰፌዱ አንሥታ «አብሮሽ የሚገባው ማን ነው?» አለቻት። እኅቴ «የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው» ብላ መለሰችላት። እማዬ ጥቂት ቆይታ «ይናገራሉ?» አለች። «ይናገራሉ፤ መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ፣ እየቆየ ስለ ሌላውም።» «እንግዲያውስ ደግ ነው» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ያንን «ይናገራሉ?» የሚለውን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ስለ ሳውና ያነበብኩት ሁሉ የሚያወራው ስለ ልብ ነው። ፊንላንድ 5.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብና 3 ሚሊዮን ያህል ሳውና አላት፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 የሳውና ባህሏን መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከ2,300 በላይ የምሥራቅ ፊንላንድ ጎልማሳ ወንዶችን ለ20 ዓመታት ያህል ተከታትሎ፣ በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና የሚገቡት በሳምንት አንዴ ብቻ ከሚገቡት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሞት የሚሞቱት በቁጥር ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ጥናቱ ክትትል እንጂ ሙከራ ስላልነበረ፣ ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነው ሰው አዘውትሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በኅብረት ለሚገባ ሐዘንተኛ ደግሞ ሙቀቱን ከሰዎቹ ለይቶ መመዘን ከባድ ይመስለኛል።

እማዬ ይህን ታውቃለች። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሶደሬ ከእድር ጓደኞቿ ጋር ትሄድ ነበር፤ በቤት ውስጥ የማይነሣው ወሬ ፍል ውሃው ውስጥ ይነሣ እንደነበር ከሳቃቸው እንረዳ ነበር። ዛሬ ከእነዚያ ሴቶች ገሚሶቹ አርፈዋል፤ የቀሩትም ልጆቻቸው ወደሚኖሩበት ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል። እሷ የቀረችበትን ምክንያት ስትጠየቅ የደም ግፊቷን ትጠቅሳለች። ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ብርቱ ሙቀት ውስጥ መግባት እንደሌለበት እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄዋ በእርግጥ ስለ እኅቴ ብቻ ነበር?

አንዳንድ ጊዜ ሰው ከሰው ጋር ለመቀመጥ የሐኪም ወረቀት የሚያስፈልገው መሆኑ ያበሳጨኛል። ወዲያው ደግሞ፣ እኅቴ የጓደኞቿን «ነይ» ስትሸሽ ከርማ በሐኪም ትእዛዝ ከቤት መውጣቷን አስባለሁ፤ ትእዛዝ ሲሆን ማንንም አስቸገርኩ ብላ አልተሳቀቀችም። እማዬም «ሰው አላስቸግርም» ባይ ናት።

ስለዚህ ግፊቷን የምትለካላትን ነርስ አነጋግሬ አንድ ነገር እንድታዝዝላት ብጠይቃትስ ብዬ አሰብኩ። ከማን ጋር ነው የምትልካት? እኔ አብሬያት ብሄድ ልጇ ነኝና ለጓደኞቿ የምትናገረውን ለእኔ አትነግረኝም። ደግሞም ከጀርባዋ መመካከራችንን ብታውቅ ክፉኛ ይከፋታል። ለሚቀጥለው ቀጠሮዋ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ነርሷን ላናግራት ወይስ ልተወው ግን ገና አልወሰንኩም፣ ምክንያቱም እማዬ…