የእርጅና ቅናሽ ገንዘብ አያጠራቅምም

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ዲፕሪሲየሽን ነው የምናወራው፤ ስለ እርጅና ቅናሽ፣ የአንድ ንብረት ዋጋ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ ተከፋፍሎ ወጪ ሆኖ ስለሚመዘገብበት መንገድ። የመጀመሪያውን የአካውንቲንግ ኮርስ የወሰደ ሁሉ ስሌቱን ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ካሽ ፍሎው ላይ፣ ማለትም የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ፣ ሲደረስ ነው። እዚያ ጎበዝ ተማሪም ይደናገራል።

እስቲ ስለ ኢንተርኔት ጥቅል እናውራ። የወር ጥቅል ገዛችሁ እንበል። ገንዘቡ መቼ ወጣ? የገዛችሁ ዕለት። በቃ፣ ወጣ! ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትጠቀማላችሁ። ቪዲዮ ስታዩ ይቀንሳል፣ ፋይል ስታወርዱ ይቀንሳል። ሲቀንስ ግን ከኪሳችሁ ሌላ ሳንቲም ይወጣል? አይወጣም። የሚቀንሰው አስቀድሞ የተከፈለበት ጥቅም ነው።

ቆይ፣ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ይህን ምሳሌ ስለምወደው ትንሽ ታገሡኝ። በአሥረኛው ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ለኢንተርኔት እስካሁን ስንት ሄደብህ?» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ሁለት መልስ አለ። ከኪስ የወጣው ሙሉው ዋጋ ነው። የተበላው ግን የአሥር ቀኑ ድርሻ ብቻ ነው። ሁለቱም ልክ ነው። ካሽ ፍሎው የመጀመሪያውን ይነግራችኋል፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ሁለተኛውን።

አሁን ማሽን እንግዛ። ዋጋው 600,000፣ የአገልግሎት ዘመኑ 5 ዓመት፣ መጨረሻ ላይ ይሸጥበታል ተብሎ የሚገመተው 100,000። በስትሬት ላይን፣ ማለትም ልዩነቱን 500,000 በየዓመቱ እኩል ስናከፋፍለው፣ በዓመት 100,000 ይመጣል። ጆርናሉ፣ ማለትም ምዝገባው፣ እንዲህ ነው፦ ዴቢት ዲፕሪሲየሽን ኤክስፔንስ (የዓመቱ የእርጅና ወጪ)፣ ክሬዲት አኩሙሌትድ ዲፕሪሲየሽን (እስካሁን የተጠራቀመው እርጅና)። ዲክላይኒንግ ባላንስና ዩኒትስ ኦፍ ፕሮዳክሽን የሚባሉ ሌሎች የስሌት ዘዴዎችም አሉ፣ ልለፋቸው። አይኤኤስ 16፣ ዓለም አቀፉ የቋሚ ንብረት የሂሳብ ስታንዳርድ፣ የሚለውን ግን ያዙልኝ፦ ዲፕሪሲየሽን ማለት ወጪን በአገልግሎት ዘመኑ ላይ በሥርዓት ማከፋፈል ነው። ማሽኑ ዛሬ ገበያ ላይ ስንት ያወጣል የሚለውን አይመልስም።

ወደሚቀጥለው ልሄድ ነበር፤ ግን አንድ ጥያቄ አለ፣ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ። «በ3 ዓመት አኩሙሌትድ ዲፕሪሲየሽን 300,000 ከደረሰ፣ ድርጅቱ ለአዲስ ማሽን 300,000 አስቀምጧል ማለት ነው?»

አይደለም! አይደለም፣ አይደለም። ይህ ነገር ካልጠራ ቀሪው ሁሉ ይበላሻል፣ ስለዚህ እዚሁ እንቆይ። ጆርናሉን መልሳችሁ እዩት። ካሽ የት አለ? የለም። ዴቢቱም ክሬዲቱም ካሽን አልነካም። ባላንስ ሺቱ (የሀብትና ዕዳ መግለጫው) ላይ ማሽን 600,000፣ ሲቀነስ 300,000፣ የመዝገብ ዋጋ 300,000 ትላላችሁ። ያ የሚቀነሰው 300,000 ማሽኑ ምን ያህል እንደተበላ ነው የሚናገረው። የተጠራቀመው እርጅናው ነው። ጥቅላችሁ ሲያልቅ የተጠቀማችሁበት ሜጋባይት ስልካችሁ ውስጥ ገንዘብ ሆኖ ይቆያል? ድርጅቱ ለአዲስ ማሽን መቆጠብ ከፈለገ ገንዘቡን ለይቶ ባንክ ያስገባ። ያ ሌላ ውሳኔ ነው፣ ሌላ ምዝገባም አለው።

«እሺ፣ ገንዘብ ካልሆነ ካሽ ፍሎው ላይ ለምን ይደመራል?» ይህንን ጥያቄ ነው የምወደው!

የተጣራ ትርፍ 250,000 ነው እንበል። ከትርፍ ተነስቶ ካሹን በሚያሰላው በኢንዳይሬክት ሜተድ 100,000 ዲፕሪሲየሽን ስንደምር 350,000 ይሆናል። ሌላ ማስተካከያ የለም ብለን እንያዝ። የምንደምረው ገንዘብ ስለገባ አይደለም። ትርፉን ስናሰላ ያልወጣ ገንዘብ ቀንሰን ነበር፤ እሱን መመለሳችን ነው።

ካላመናችሁኝ ሞክሩት። ዲፕሪሲየሽኑን እጥፍ አድርጉት፣ 200,000። ትርፉ ወደ 150,000 ይወርዳል። አሁን ደምሩ፦ 150,000 ሲደመር 200,000። ስንት መጣ? ያው 350,000! ዲፕሪሲየሽን ካሽ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ያድግ ነበር። ንቅንቅ አላለም። መምህራን ይህችን ስሌት ሰሌዳ ላይ ቢሠሯት ግማሹ ግራ መጋባት ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ቀመር ብቻ አሸምድዶ ተማሪን መሸኘት ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ግብር። ሕጉ የሚፈቅደው የእርጅና ቅናሽ ግብር የሚከፈልበትን ትርፍ ስለሚያሳንስ የሚከፈለው ግብር ይቀንሳል። በዚህ በኩል ካሽን ይነካል፣ በተዘዋዋሪ። ከላይ ያለውን ስሌት ስንሠራ ግብርን ወደ ጎን ትተን ነው። ደግሞ የግብር ሕጉ የራሱ የእርጅና መጠን ስላለው በሂሳብ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር እንዳታምታቱት።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ቀጣዩ ቪዲዮ ስለ ንብረት ሽያጭ ነው። እስከዚያ ይህንን ሥሩልኝ፦ ይሄው ማሽን 3 ዓመት አገልግሎ በ320,000 በካሽ ተሸጠ። ትርፍ ነው ኪሳራ? ስንት? ካሽ ፍሎው ላይስ 320,000ው የትኛው ክፍል ይገባል? መልሳችሁን ከነጆርናሉ ጻፉልኝ፣ አየዋለሁ።