«ስንት ተከታይ አለዎት?»

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ታላላቆቼ፣ ባልደረቦቼ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጣችሁ ወጣት አቅራቢዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የዓለም የሬዲዮ ቀንን አስመልክቶ ስለ ሬዲዮ ታሪክ አጠር ያለ ንግግር እንዳደርግ ጠይቀውኛል። ታሪኩን አሳጥራለሁ። ንግግሩን ለማሳጠር ግን ቃል አልገባም፤ ይህን ያህል የጣቢያ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ፣ ማይክሮፎኑም በእኔ እጅ ሆኖ፣ ዳግመኛ መቼ እንደሚገኝ አላውቅም።

ዩኔስኮ ይህን ቀን የሰየመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው። ዕለቱ የተመረጠው የተባበሩት መንግሥታት ሬዲዮ በ1946 ሥራ የጀመረበት ስለሆነ ነው። የእኛ ሬዲዮ ከዚያ ይቀድማል። በ1928 ዓ.ም. መባቻ የአቃቂው ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ጣሊያን ጦሩን ድንበር ላይ አከማችቶ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለዓለም አቤት ያሉት በዚያው ጣቢያ ነው። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምታዩት፣ አንበሳው ከፊቱ የቆመለት ብሔራዊ ቴአትር፣ ጣሊያን ሲጀምረው ስሙ «ሲኒማ ማርኮኒ» ነበር። ከሬዲዮ ፈልሳፊዎች አንዱ ከሆነው ጣሊያናዊ በቀር የማውቀው ማርኮኒ የለም። ወራሪ እንኳን ለሬዲዮ ሰው አዳራሽ ይሰይማል! እኛ ስንሰይም እንኳን አዳራሽ ይቅርና የእረፍት ክፍል ለአንድ የሬዲዮ ሰው ሰይመን እንደሆነ፣ ያወቀ ሰው ስጨርስ ይንገረኝ።

በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር፣ በ1967 መስከረም፣ በ1983 ግንቦት ይህ ሕዝብ ምን ሆነ ብሎ የሮጠው ወደ ሬዲዮኑ ነው። መንግሥት ሊለውጥ የተነሣም ሁሉ መጀመሪያ የሚገሠግሠው ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ነበር። በዚያ ዘመን የአቅራቢው ጭንቀት አንድ ነው፤ ከላይ ተጽፎ የሚመጣው ወረቀት። ያ ጭንቀት ቀላል አልነበረም፤ እዚህ ከተቀመጡት መካከል በአንዲት የተሳሳተች ቃል ምክንያት ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ አሉ። የዛሬው ጭንቀት ሌላ ነው። እኔን ወደዚህ መድረክ ያወጣኝም እሱ ነው።

በ1980ዎቹ ወደ ሙያው ስንገባ ያስተማሩን ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። የአንድ እንግዳ ሳል ለማውጣት ድምፁ የተቀዳበትን የቴፕ ጥቅል፣ ሪሉን፣ በእጃችን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀስን ቦታውን እንፈልጋለን፤ በነጭ እርሳስ ምልክት እናደርጋለን፤ በምላጭ ሰያፍ ቆርጠን ጫፍና ጫፉን በማጣበቂያ እንገጥማለን። ለአንድ ሳል! ጣቶቻችን በምላጭ ተቆራርጠው ቤት ስንገባ እናቶቻችን ሽንኩርት የከተፍን ይመስላቸው ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ማንም «የዚህን ፕሮግራም ወጪ የሚሸፍን ነጋዴ ይዘሽ ነይ» አላለንም።

በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ተከፈተ፤ በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 እና ዛሚ 90.7 መጡ፤ ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ አሁንም እዚያው ናችሁ። ጥሩ ነገር ነው። ከተማዋ በሬዲዮ ሳቀች፣ ተከራከረች፣ ስሟን አውጥታ ደወለች። ግን በዚያው የአየር ሰዓት ሽያጭ የሚባለው አሠራር ተስፋፋ። ጣቢያው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይሸጥልሃል፤ ስፖንሰሩን የምትፈልገው አንተ ነህ፤ ማስታወቂያውን ጽፈህ የምታነበው አንተ ነህ፤ ገንዘቡን ለመሰብሰብ ደረጃ ለደረጃ የምትመላለሰውም አንተ ነህ። ስፖንሰሩ ከሦስት ወር በኋላ ይከፍላል፤ ጣቢያው በወሩ መጀመሪያ ይቀበላል። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ከእህቱ የተበደረ አቅራቢ እጁን ያውጣ ብል፣ ይህ አዳራሽ የእጅ ጫካ ይሆናል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከመካከላችሁ የሰማችሁት አላችሁ፤ እናንተ ታገሡኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዳዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ በለገሃርና በድሬዳዋ መካከል የተመላለሱ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሐዲድ ሲጠግን ስለሞተ አንድ የሥራ ጓደኛቸው ይነግሩኛል። አስከሬኑን በዚያው ባቡር ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ ነጂው ለሟች ክብር ብሎ ፉጨቱን ሳያሰማ በየጣቢያው ይገባል። በየጣቢያው ሙዝና ብርቱካን የሚሸጡት ሴቶች ማንም ምንም ሳይነግራቸው፣ ባቡሩ ዝም ብሎ ሲገባ ሲያዩ ብቻ፣ እንቅባቸውን አስቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ታሪክ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው።

በዚህ መሀል ከመስታወቱ ወዲያ ቴክኒሽያናችን ሲቁነጠነጥ አየሁት። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ወትፎ፣ ወረቀት ላይ በትልልቁ አንዲት ቃል ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጠፋት፤ «ዘይት!!!» ትላለች። ነገሩ ገብቶኛል። ስፖንሰራችን የምግብ ዘይት አስመጪ ነው። በሰዓቱ ውስጥ አራት ጊዜ ሊነበብለት ተፈራርመናል፤ ሦስቱ ተነቧል፣ አራተኛው ዘግይቷል። ሰውየው መኪናው ውስጥ ሆኖ እየሰማ ሥራ አስኪያጁ ላይ ይጮኻል፤ ሥራ አስኪያጁ ቴክኒሽያኑ ላይ ይጮኻል፤ ቴክኒሽያኑ ምስኪን ደግሞ መስታወቱ ላይ ይጮኻል። እኔ ወረቀቱን እንዳላየ ሰው አለፍኩት። እንግዳዬ ግን አዩት። ዐረፍተ ነገራቸውን አቋርጠው፣ በቀጥታ ስርጭት፣ «ልጄ፣ ዘይት መጣ እንዴ? በቀበሌ ነው ወይስ በሸማቾች?» አሉኝ።

ሳቁ። እኔም ያን ዕለት ስቄአለሁ። ጊዜው ለአንድ ጀሪካን ዘይት ሰልፍ የምንውልበት ነበርና ስልኮቻችን በአንድ ጊዜ ተጨናነቁ፤ ደዋዩ ሁሉ ዘይቱ በየትኛው ወረዳ እንደገባ ይጠይቃል። ያ ነጋዴ ምን ያህል ገንዘብ ቢያፈስ ነው በአንድ እሑድ ይህን ያህል ሰው ስለ ዘይት እንዲያወራ የሚያደርገው? እሱ ግን በማግሥቱ «አራት ብለን ሦስት ነው የተነበበው» ብሎ የወሩን ክፍያ ያዘ። የአየር ሰዓቱን ከኪሴ ከፈልኩ።

እሱ አይደለም ያናደደኝ። ያናደደኝ ሌላ ነው። ሳቁ ሲበርድ እኚያን አባት ወደ ጓደኛቸው ታሪክ እንዲመለሱ ለመንኳቸው። ባርኔጣቸውን አንሥተው አቧራ የሌለበትን አራገፉና «ይቅር ልጄ፣ ሰው ቸኩሏል» አሉኝ።

ማን ነው የቸኮለው? አድማጩ አልቸኮለም! አድማጩ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ባቡሩ ለገሃር ሲደርስ የሟች ሚስት ምን እንዳለች ለመስማት ይጠብቅ ነበር። የቸኮለው ማስታወቂያው ነው። እኔ እዚያ ወንበር ላይ እንግዳ ተቀባይም፣ ሻጭም፣ ገንዘብ ሰብሳቢም ሆኜ ባልቀመጥ ኖሮ፣ ማስታወቂያውን የሚከታተል ሌላ ሰው ጣቢያው ቢኖረው ኖሮ፣ ያች ወረቀት መስታወቱ ላይ አትለጠፍም ነበር። እኔ የምለው ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው። ማይክሮፎኑ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሰዓቱን የሚሸጠው ሰው መሆን የለበትም!

ከዚያ ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ውል ለማደስ ወደ አንድ ጣቢያ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ሥራ አስኪያጁ ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ስለ ፕሮግራሙ ይዘት አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «እትዬ፣ ቲክቶክ ላይ ስንት ተከታይ አለዎት?» አለኝ። በአንቱታ ነው የጠየቀኝ፤ አስተዳደጉ የተመሰገነ ነው። የለኝም አልኩት። አዘነልኝ። ሰዓቱም ብዙ ተከታይ ላለው ወጣት ተሰጠ።

ወጣቱን አልወቅሰውም። ከኋላ ወንበር ካለህ ስማኝ፣ ልጄ፤ ተሰጥኦ አለህ፣ አንደበትህም ይጥማል። ግን ጥቂት ወራት ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ ራሱ! «እትዬ፣ የዚያን የዘይት አስመጪ ስልክ ያውቁታል?» አለኝ። ተከታዮቹ አጨብጭበውለታል፤ የአየር ሰዓቱን ግን አልከፈሉለትም።

እስቲ ተከታይ ማለት ማን እንደሆነ እንነጋገር። የሚኒባሱ ሾፌር መሪ ይዟል። ልብስ ሰፊው መርፌ ይዟል። የሌሊት ጥበቃው ዱላውን፣ ወጥ ቤት ያለችው ማማሰያዋን ይዘዋል። እነዚህ ሰዎች «ተከተል» የሚለውን ቁልፍ የሚጫኑበት እጅ የላቸውም፤ ሬዲዮ የተፈጠረው ግን እጃቸው ሥራ ላይ ለዋለ ሰዎች ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ፣ ደምሴ ዳምጤ ኳስ ሲያስተላልፍ፣ አድማጩን በስልክ ላይ አልቆጠሩትም። የአድማጭን ቁጥር በየጊዜው የሚለካ፣ ጣቢያውም ማስታወቂያ አስነጋሪውም የሚያምነው መለኪያ የለንም። ስለሌለን ነው የሰውን ሙያ በአውራ ጣት የምንለካው። ጣቢያዎች ተዋጥታችሁ አንድ ገለልተኛ ጥናት በየዓመቱ ብታሠሩ፣ ለአንድ የሙዚቃ ድግስ የምታወጡትን ያህል እንኳን አያስወጣችሁም!

ስለ ቢራው ጉዳይ በአጭሩ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲከለከል ብዙ የስፖርትና የሙዚቃ ፕሮግራም ተንገዳገደ። አዋጁን አልቃወምም፤ ልጆች ባሉበት ቤት ጠዋት ማታ ቢራ መጥራት የሚያኮራ ሥራ አልነበረም። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም በአንድ ስፖንሰር ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩን ያን ጊዜ አይተናል፤ አይተንም አልተማርንም። ቢራው ሲወጣ የስፖርት ውርርዱ ገባ። ነገ ውርርዱም ቢከለከል ማንን ደጅ እንደምንጠና ከወዲሁ አስቡበት።

ዩቲዩብንም ላንሣ። ከዓመታት በፊት ያደረግሁትን ቃለ ምልልስ ጣቢያው ዩቲዩብ ላይ ጭኖት አየሁ። ደስ አለኝ፤ ሰው ይስማው። ገቢው ግን የማን ነው? በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኙ፣ ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩ፣ ለብሮድካስት ድርጅቱ መብት ይሰጣል። የሬዲዮ አቅራቢው ከነዚህ ከየትኛው እንደሚመደብ የሕግ ባለሙያዎቻችን ይንገሩን፤ እስኪነግሩን ድረስ ግን ነገሩ በውል ይጻፍ። ፈርመን የምንገባው የአየር ሰዓት ውል ስለ ዩቲዩብ አንድ መስመር የለውም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገርም ማስታወቂያ ማንበብ ጀምሯል። እሱ እንኳን ማስታወቂያውን ሁሉ ቢወስድልኝ ግድ የለኝም፣ ይውሰደው። ድምፄን ሳያስፈቅድ ከወሰደ ግን ፍርድ ቤት እንገናኛለን።

ጣቢያዎች ሁሉ ደጋግ ሆነው የአየር ሰዓት መሸጥ ያቆማሉ ብዬ አልጠብቅም፤ ኪራዩ፣ ጄኔሬተሩ፣ የመለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ እንዴት እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ። የምጠይቀው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የማስታወቂያ ክፍል ይኑረው፤ አቅራቢው ለአቅራቢነቱ ይከፈለው፤ በፕሮግራሙ ወቅት ስፖንሰር ወደ ስቱዲዮ እንዳይደውል በውል ይከልከል። ከባልደረቦቼ ጋር ያዘጋጀነው የውል ረቂቅ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ አራት ገጽ ነው፤ ለሥራ አስኪያጆች በቂ ቅጂ አባዝተናል። በሚቀጥለው ወር በማኅበራችን ስብሰባ እንነጋገርበታለን፤ አስተያየታችሁን በጽሑፍ ብታመጡ እንመርጣለን።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። ከፊት ረድፍ እንጀምር፤ ሻይ ያዘዘልኝም እዚያው ተቀምጧል።