«ነገ ይሄዳሉ» ለሚለን ነጋዴ

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን በሰላም መጣችሁ። ውጪ የቆሙትን አርቪዎች፣ ማለትም መኖሪያ ያላቸውን መኪኖች፣ ታርጋ ሳይ ከስንት ስቴት እንደተሰባሰብን ገባኝ። መንገዱ ደክሟችኋልና ብዙ አላቆያችሁም።

የማወራው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። መንገድ ላይ ያለ ሰው በማስታወቂያ ሲታለል ምን ያደርጋል? አብዛኞቻችን የምናደርገው ይታወቃል። እንናደዳለን፣ መኪና ውስጥ እርስ በርስ እናማርራለን፣ ጠዋት ነቅለን እንሄዳለን። ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ነገ ይሄዳሉ» ብሎ ነው የሚነግደው። የሰፈሩን ደንበኛ እንዲህ አይደፍረውም፤ በሳምንቱ ተመልሶ በሩ ላይ ይቆምበታላ!

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አርቪ የሚቆምበት አንድ ካምፕ ድረ ገጹ ላይ «ፉል ሁክአፕ፣ 50 አምፕ» ይላል፤ ውሃ፣ ፍሳሽና ባለ 50 አምፕ መብራት አለ ማለት ነው። ከፍላችሁ ትደርሳላችሁ። የመብራት ሳጥኑን ስትከፍቱ ያለው ባለ 30 አምፕ ሶኬት ብቻ ነው። ማናጀሩ «ያው ነው፣ አዳፕተር ተጠቀሙ» ይላችኋል። ያው አይደለም። ባለ 30ው የሚሰጠው 3,600 ዋት ነው። ባለ 50ው ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ይሰጣል። አዳፕተር ሶኬቱን እንጂ ኃይሉን አይቀይርም። በጁላይ ሙቀት ሁለተኛውን ኤሲ ስታበሩ ብሬከሩ ጧ ብሎ ይወርዳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው እዚያው ቦታ ላይ፣ ሳትነቅሉ ነው። ማስታወቂያውን በዚያው ምሽት ስክሪንሾት አንሱ። ቀኑና የድረ ገጹ አድራሻ ይታይ። ቅሬታ ከሰሙ በኋላ ገጹን ሊያስተካክሉት ይችላሉ፤ ያኔ «የት ብለን ነበር?» ትባላላችሁ። የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ገጹን ማስቀመጥም ይቻላል፤ በነጻ ነው። ከዚያ የመብራት ሳጥኑን የሳይቱ፣ ማለትም የቆማችሁበት ቦታ፣ ቁጥር አብሮ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ቁጥሩ የሌለበት ፎቶ የማንም ሳጥን ሊሆን ይችላል።

ማናጀሩን በአፍ ካነጋገራችሁት በኋላ ያንኑ ነገር በቴክስት ወይም በኢሜይል ላኩለት። «50 አምፕ ብላችሁ አስተዋውቃችሁ 30 ሰጣችሁን። ወይ ሳይት ቀይሩልን፣ ወይ ገንዘባችንን መልሱ።» ይኸው ነው። ስድብ አያስፈልግም። ሌላ ማደሪያ አጥታችሁ ካደራችሁም ያንን ጻፉ፤ አለበለዚያ «ተስማምተው አደሩ» ይባላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

አሁን ወደ ክሬዲት ካርዱ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በ1974 የወጣ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አለ። በዚህ ሕግ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። አንደኛው «የተስማማነውን አልሰጡኝም» የሚለው ነው። ይህ እንደ ሒሳብ ስህተት ይቆጠራል፤ ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት (የካርዱ ሒሳብ መግለጫ) ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለባንኩ መድረስ አለበት። ሁለተኛው «የሰጡኝ ጥራት የለውም» የሚለው ነው። በዚህኛው መንገድ ሕጉ ገደብ አስቀምጧል፤ ዋጋው ከ50 ዶላር በላይ፣ ግዢውም በራሳችሁ ስቴት ወይም ከፖስታ አድራሻችሁ በ100 ማይል ውስጥ መሆን አለበት።

ልብ በሉ። ሙሉ ጊዜ በአርቪ የሚኖር ሰው አድራሻው ብዙ ጊዜ ሳውዝ ዳኮታ፣ ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳ ነው። እሱ ግን የተታለለው አሪዞና ነው። 100 ማይሉ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ ለባንኩ ስትጽፉ «ካምፑ አስጠላኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። 50 አምፕ ተሽጦልኝ 30 ተሰጠኝ በሉ፤ እውነቱም እሱ ነው። አንዳንድ ባንክ በራሱ ደንብ ከሕጉ የተሻለ ያደርጋል፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ይህ ሕግ ለዴቢት ካርድ አይሠራም። እኔ ካምፕ በዴቢት የሚከፍል ሰው ሳይ ይጨንቀኛል።

ካርዱ ካልሠራ ቀጥሎ የሚመጣው ለነጋዴው የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። በሰርቲፋይድ ፖስታ ላኩ፣ የምትፈልጉትን ገንዘብ በቁጥር ጻፉ፣ መልሱ በኢሜይል ይምጣ በሉ፤ ፖስታችሁ እናንተን ፍለጋ ስቴት ለስቴት ሲዞር ቀኑ ያልቃል። አንዳንድ ስቴት ደግሞ በሸማቾች ሕጉ ለመክሰስ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መጻፍን ግዴታ ያደርጋል። ማሳቹሴትስ 30 ቀን፣ ቴክሳስ 60 ቀን ይላሉ።

አቤቱታውን ንግዱ ላለበት ስቴት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ማስገባት ይቻላል። ኦንላይን ነው፣ ክፍያ የለውም። ብዙዎቹ ቢሮዎች አቤቱታውን ለነጋዴው ልከው መልስ ይጠይቁታል። የእናንተ ጠበቃ ግን አይደሉም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ፣ ኤፍቲሲ የምንለው፣ የአንድን ሰው ጉዳይ ይዞ አይከራከርም፤ ጥቆማውን መዝግቦ ለሕግ አስከባሪዎች ያጋራል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ አስገቡ፣ ገንዘባችሁን ግን ከዚያ አትጠብቁ።

ሪቪው መጻፍስ? በ2016 የወጣ ሕግ ሐቀኛ አስተያየትን የሚከለክል የውል አንቀጽ ዋጋ እንዳይኖረው አድርጓል። ግን በሪቪው አትጀምሩ እላለሁ። «ካልከፈልከኝ እጽፍብሃለሁ» የሚል ቴክስት ደግሞ በፍጹም አትላኩ፤ ተበዳዩን አስፈራሪ ያስመስለዋል።

«ሁለት ሌሊት በነጻ እደሩ» ብሎ የካምፕ አባልነት የሚሸጠው ማስታወቂያ ትልቁ ነው፤ እዚያ የሚሄደው ብር በሺዎች ይቆጠራል። የ3 የሥራ ቀን መሰረዣ የሚባለው የፌዴራል ደንብ ሻጩ በራሱ ቋሚ ቢሮ ውስጥ የሸጠውን አይሸፍንም። የስቴቱ ሕግ የራሱን መሰረዣ ሊሰጥ ስለሚችል በማግስቱ አጣሩ፣ ቀኑ አጭር ነው።

ስሞል ክሌምስ፣ ማለትም አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚያይ ፍርድ ቤትም አለ። ለግለሰብ ካሊፎርኒያ እስከ 12,500 ዶላር፣ ቴክሳስ እስከ 20,000 ዶላር ያያሉ። ጠበቃ አያስፈልግም። ችግሩ ክሱ ብዙውን ጊዜ ነጋዴው ባለበት ቦታ መግባቱ ነው። በቪዲዮ መቅረብ ይፈቀድ እንደሆነ ሬጅስትራሩን ጠይቁ። ለአንድ ሌሊት የ40 ዶላር ልዩነት ነዳጅ ከፍላችሁ አትመለሱ። ለአባልነቱ ብር ግን ተመለሱ።

የደብዳቤውን ናሙና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ጥያቄ ያለው ማይኩ ይዞርለታል፤ በመጀመሪያ ከኋላ ያሉትን እንስማ።